ተኝተዋል

እኔ ቡራዩ የቀለም ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ጥላ አለፈ፣ መንፈስ ታየ ሲሉኝ «ሂዱ ወደዛ፣ ሥራ ፈቶች!» ብዬ የማባርር፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ለይቶላታል እንዳትሉኝ።

አባቴ ኦቦ ገመቹ ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ሰንብተው ሱሉልታ ቤታቸው ተመለሱ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ እኔ ጋ ይምጡ ብላቸው እምቢ። ጣታቸው ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያም «እንደ በግ አታስሩኝ» ብለው ወረወሩት። የሚከታተላቸው ክሊኒክ ታዲያ ሳሙና የሚያህል ማሽን መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀለላቸው፣ ሰው ሳይነካ ከሩቅ አልጋው ላይ ያለውን ትንፋሽ ብቻ ይቆጥራል፣ ነርሷ ሰናይት ቢሮዋ ሆና ታየዋለች። ከሰዓት ጋደም ሲሉ ትደውልልኛለች፣ «ተኝተዋል፣ በደንብ ይተነፍሳሉ» ትለኛለች፣ እኔም ተመስገን ብዬ ቀለሜን እበጠብጣለሁ።

አንድ ቀን ግን ድምጿ ተለወጠብኝ።

«ተኝተዋል፣ ግን የአንዳቸው ትንፋሽ ፈጥኗል። የአባትሽ የትኛው ነው?»

«የምን የትኛው?»

«ከሁለቱ ነዋ።»

«አባቴ ብቻቸውን ናቸው እኮ!»

«እስከዛሬ ተኝተዋል ስልሽ ሁለቱን ነበር፣ እናትሽ አብረዋቸው ያሉ መስሎኝ» አለችኝ።

እኔ ለካ አንቱታ መስሎኝ ነው! አባቴን አንቱ ብዬ ነው ያደግኩት፣ «ተኝተዋል» ሲባል ሌላ ሰው እንዴት ይታየኝ? ብደውል አያነሱም። ሌባ ገብቶ ይሆን፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን እያልኩ ሱቄን ዘግቼ ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ስደርስ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተኝተዋል፣ በግድግዳው በኩል ሰፊ ቦታ ትተው። ብቻቸውን። አልጋው ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ሳቁብኝ።

«ምን ጠፋብሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ? ደህና ነኝ እኮ።»

ሳቃቸው መሃል ላይ ይቆራረጣል። ሰናይት ስልክ ላይ ናት፣ «አሁንም ሁለት ነው፣ የፈጠነው የእሳቸው ከሆነ ቶሎ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው፣ እስኪ ከአልጋው አስነሻቸው» አለችኝ። ደግፌ አውጥቼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«አንዱ ጠፋ» አለች።

«የትኛው?»

«የፈጠነው። የተረጋጋው አልጋው ላይ ነው።»

እመኑኝ፣ ለመፍራት እንኳን ጊዜ አልነበረኝም፣ ኮንትራት ታክሲ አስጠራሁ። በሩን ልቆልፍ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ፣ «ተዪው፣ አትቆልፊው» አሉ። ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ሰው ሲገላበጥ እንደሚለው። ሄድን። ሐኪሙ ኦክስጅን እያደረገላቸው «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ...» ብሎ የቀረውን ዋጠው።

አባቴ ድነው ቤታቸው ገቡ። ማሽኑ ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘበትም፣ ቢሆንም በአዲስ ተቀየረ። እኔም ሰናይትን ለመንኳት፣ «እባክሽ አንቱታውን ተዪልኝ፣ ተኝቷል በይኝ፣ አልቀየምሽም።» «እንዴ፣ ትልቅ ሰው!» ብላ ስትግደረደር ቆይታ እሺ አለች፣ ከዚያ ወዲህ «ተኝቷል» ነው የምትለኝ፣ እኔም በሰላም እውላለሁ።

ትናንት ደወለች።

«ተኝተዋል» አለችኝ።

ረስታ ነው ብዬ እስክታርመው ጠበቅኩ። አላረመችውም።