ድንቢጥ የምትባለው ጊታር

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። በእረፍት ሰዓት፣ ከሚኒ ሚዲያ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ፣ ስድስት ክሮች አንድ በአንድ ተነኩ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ተመቱና አራተኛው ክር ትንሽ ነዘረ። ትርንጎ ከቧንቧው የጎረሰችውን ውሃ ሳትውጥ ቀና አለች።

ያቺን ንዝረት ታውቃታለች። እንደዚያ የሚነዝር ጊታር መርሳ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም በዚህ ሰዓት መናኸሪያው አጠገብ ባለው የአጎቷ ሱቅ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሙዚቃው ሥር የሲኖትራክ ክላክስ ተሰማ። ቀጥሎ ሳል መጣ። የአጎቷ የፈንታው ሳል።

ውሃውን ተፍታ ሮጠች።

ሚኒ ሚዲያው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው የአሥረኛ ክፍሉ አብዱልሐሊም፣ የክበቡ ኃላፊ መምህር ሙላቱ፣ እና ሜሮን። ሜሮን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ትርንጎ በሩ ላይ ስትደርስ ከድምፅ ማጉያው የሜሮን ዘፈን ጀመረ፤ ሜሮን ራሷ ግን አፏን ዘግታ ጥፍሯን ታያለች።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለች ትርንጎ።

«ከፍላሽ» አለ አብዱልሐሊም። «አንቺ ነሽ አይደል የምትመቺው? አሪፍ ነው። ቲክቶክ ላይ ብትለቂው ባንድ ቀን ቫይራል ትሆኛለሽ።»

«አንተን አይደለም የጠየቅኩት።»

ሜሮን ቀና አላለችም። ከሁለት ሳምንት በፊት ስልኳን የፈንታው ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ሲጫወቱ የቀዳችው እሷ ናት። «ደሴ ላለችው እህቴ ነው የምልክላት፣ ሌላ ማንም አይሰማውም» ብላ ነበር።

«እህትሽ እዚህ ነው እንዴ የምትሠራው?»

«አታካብጂ፣ ትርንጎ። ለኛው ነው።»

መምህር ሙላቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ቅዳሜ ወልድያ ላይ የዞኑ ትምህርት ቤቶች የኪነ ጥበብ ውድድር አለ፤ ከዚህ ትምህርት ቤት የተመረጠው ይሄ ዘፈን ነው አለ። «በፍላሽ ይለቀቃል። ሜሮን አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ አንቺ ጊታር ይዘሽ ትቆሚያለሽ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«መጫወት እኮ እችላለሁ፣ ቲቸር።»

«መብራት ቢሄድስ?»

«መብራት ከሄደ ፍላሹም ይሄዳላ።»

አብዱልሐሊም ሳቁን በእጁ አፈነ። መምህር ሙላቱ ዞር ብሎ አየውና ወደ ትርንጎ ተመለሰ። ሁለት እጆቹን ዶሮ እንደሚለካ ሰው አራራቀ። «ያቺን ጊታርሽን ደግሞ አይቻታለሁ። ይቺን ታህላለች። የሕፃን መጫወቻ ናት፤ የዞን ሰው ፊት ይዘን ብንወጣ ይስቁብናል። ትልቅ ጥቁር ጊታር ተውሻለሁ፤ እሱን ትይዣለሽ።»

የትርንጎ ጆሮዎች ጋሉ። ድምፁን ወደውታል። ድምፁን ያወጣችውን ግን አፍረውባታል።

የፈንታው ሱቅ ከውጭ ሲያዩት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ነው። ፈንታው የእናቷ ታናሽ ወንድም ሲሆን በወጣትነቱ በኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። ቡድኑ ሲበተን ማንም ያልፈለጋቸውን ዕቃዎች ሰብስቦ አመጣ። ማንም ያልፈለጋቸው ደግሞ አጫጭሮቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ነበሩ። አንደኛዋ ጭንቅላት የላትም፤ መቃኛዎቿ ከታች በኩል ናቸው። ሁለተኛዋ ሆዷ ውስጥ የራሷ ድምፅ ማጉያ አላት፤ ባትሪ ከጎረሰች የትም ሆና ትጮኻለች። ሦስተኛዋ ድንቢጥ ናት። ስሙን ያወጣላት ፈንታው ነው።

ድንቢጥ መሬት ላይ ብትቆም የትርንጎ ወገብ ላይ አትደርስም። ቀለሟ የአቮካዶ ሥጋ ነው፤ ቅርጿ አንድ ጎኑ የተገመጠ ዘይቱን ይመስላል። አራት ማብሪያ ማጥፊያ አላት፤ ሁለቱ ከምንም ጋር አልተገናኙም። ፈንታው ከፍቶ አይቷል። «ግን ወደ ታች ካልሆኑ ታኮርፋለች» ይላል። ትርንጎ አላመነችውም ነበር፤ ሞክራ አየችው፤ እውነትም ታኮርፋለች። አንገቷ አጭር ስለሆነ ቀጭን ክር ካሰሩባት ላልቶ እንደ ላስቲክ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ነው የሚታሰርባት። አቃኛኘቷም የጊታር አይደለም። ባለ ስድስት ክር ክራር እንደሚቃኘው ነው፤ አምስቱ የአምባሰልን አምስት ድምፆች ይዘዋል፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በቀጭኑ ይደግማል። የማይፈለገውን ክር በግራ እጅ ጣት ማፈን፣ የሚፈለገውን ትቶ በቀኝ መምታት። ያን ጊዜ ድንቢጥ ክራርም ጊታርም ያልሆነ፣ የራሷ የሆነ ነገር ታወራለች።

ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ፈንታው ሦስቱንም የተበላሸ ፍሪጅ ውስጥ ከትቶ ነው የሸሸው። ሱቁ ተዘረፈ፤ የተበላሸ ፍሪጅ ግን ማን ይሸከማል።

ትርንጎ ትልቅ ጊታር ስትይዝ በር ተነቅሎ የተሰጣት ይመስላታል። ድንቢጥ ግን በእቅፏ ልክ ናት። የፊዚክስ ደብተሯ የኋላ ገጾች በአጫጭር ጊታር ሥዕሎች ተሞልተዋል፤ ባለ አምስት ማብሪያ፣ የእንቁላል ቅርጽ ያላት፣ ሁለት አንገት ያላት።

በማግስቱ ድንቢጥን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ትምህርት ቤት ወሰደቻት። መምህር ሙላቱ ፊት ለፊት ከሰማት ሐሳቡን ይቀይራል ብላ ነው። ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት፤ ክሮቹን በአውራ ጣቱ ጠረገና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄ እኮ አልተቃኘም።»

«ተቃኝቷል፣ ቲቸር። አምባሰል ነው።»

«ጊታር በጊታር ቅኝት ነው የሚቃኘው።» ስልኩን አውጥቶ የመቃኛ አፕ ከፈተ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መርፌ ቀዩ ላይ ወደቀች። «አየሽው? ቀይ ነው።»

«አይንኩት፣ ቲቸር። ክሩ ወፍራም ነው፤ እስከዚያ አይወጣም።»

«እኔ ኮርስ ወስጃለሁ፣ እሺ?»

ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል የአንዱን ክር መቃኛ ቁልፍ አጠበቀ። አሁንም አጠበቀ። ክሩ ድምፁ ተለወጠ፤ መጮህ ሳይሆን ማቃሰት ጀመረ። መርፌዋ ወደ አረንጓዴው ስትጠጋ ክሩ ተበጠሰና ጉንጩን ለጥቂት ሳተው።

መምህር ሙላቱ ድንቢጥን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መለሰላት። «ይኸው። አሮጌ ናት። መድረክ ላይ ቢሆን ኖሮስ?»

ትርንጎ ድንቢጥን ወደ ከረጢቷ መለሰቻት። ራሱ በጠሰ፣ ራሱ ፈረደ። ጥፋተኛዋ ደግሞ ድንቢጥ።

ማታ ከእራት በፊት ሱቅ ሄደች። ፈንታው የተጣለ የሞተር ሳይክል ፍሬን ገመድ ፈታና ከውስጡ አንዲት የብረት ሽቦ መዘዘ። በጨርቅ ወለወላት፤ በጥርሱ ነካ አድርጎ ቀመሳት፤ ከዚያ ድንቢጥ ላይ ማሰር ጀመረ።

«ጋሼ፣ አትናደድም?»

«ለምኑ?»

«ክሩን በጠሰዋ።»

«ክር ነው፤ ይበጠሳል።»

«አሮጌ ናትም አለ።»

የፈንታው እጅ ቆመ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «አሮጌ?» አለ። «በዚህስ ተናደድኩ።»

ትርንጎ ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁሉንም ነገረችው፤ ፍላሹን፣ ጥቁሩን ጊታር፣ የሜሮንን ውሸት። ፈንታው ቁልፉን በቀስታ እያዞረ፣ ክሩን በጣቱ እየነካ፣ በጆሮው እየፈለገ ሰማት።

«አንተ ያልተሰካ ጊታር ይዘህ መድረክ ላይ ቆመህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሐራ ላይ አንድ በዓል ነበር። ጀነሬተሩ ከማይክራፎኑ አልፎ ለጊታር አልበቃም፤ ሰዉ ግን ጊታር ማየት አለበት ተባለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ድምፅ መታሁ።»

«እና ምን ተሰማህ?»

«እጄን ደከመኝ።» ክሩ የሚፈልገው ቦታ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። መነጽሩን ወደ ዓይኑ መልሶ «ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ጊታር አልነካሁም» አለ።

«ልቅር ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። የምትቆሚው አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ወልድያ ሲሄዱ ጥቁሩ ጊታር በሚያብረቀርቅ ቦርሳው ውስጥ ሆኖ ከመምህር ሙላቱ አጠገብ አንድ ሙሉ ወንበር ያዘ። ድንቢጥ በከረጢቷ ውስጥ በትርንጎ ጉልበቶች መሀል ነበረች።

«እሷን ደግሞ ለምን አመጣሻት?»

«አብራኝ ነው የምትሄደው» አለች ትርንጎ። ሌላ አልጨመረችም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ተራቸውን ሲጠብቁ ትርንጎ የመድረኩን ጥግ አየች። አምፕሊፋየር ተቀምጧል፤ ቀይ መብራቱ በርቷል፤ ላዩ ላይ ገመድ ተጠቅልሏል። ማንም አልሰካበትም። አንድ ትምህርት ቤት ወጣ፤ ከበሮ የሚመታው ልጅ እጁ አየር ላይ እያለ ከበሮው ይሰማል። ዳኞቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፋሉ።

«ቲቸር፣ አምፑ በርቷል። ገመድም አለ። ድንቢጥ ክሯ ታስሯል፣ ተቃኝታለች። አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«ፍላሹ ገብቷል። አለቀ» አለና ወደ መድረክ መሪው ሄደ።

ሜሮን የባህል ቀሚሷን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«አኩርፈሽኛል» አለች።

«እህትሽ ሰማችው ወይ?»

«ሙድ አትያዢብኝ፣ ትርንጎ። አምና የወላጆች ቀን ላይ ምን እንደሆንኩ አይተሻል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ጥርቅም አለ። እስከ ዛሬ ‹ሳይለንት› ነው የሚሉኝ። በፍላሽ ከሆነ አይዘጋም አልኩ።»

«ይሄን ነግረሽኝ ቢሆንስ? እህቴ ምናምን ከምትይኝ።»

«እምቢ ትይ ነበር።»

«እምቢ እል ነበር።»

«አየሽ?»

የትርንጎ ንዴት አልበረደም፤ ግን ሜሮን ጥለቱን እንደገና ስትጠቀልል እያየች ንዴቷን የምትጥልበት ቦታ ጠፋት። ድንቢጥን ከነከረጢቷ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ጥቁሩን ጊታር አነሳችና ማንገቻውን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ከበደ።

«ላንቺ ስል እቆማለሁ» አለች።

ሜሮን እጇን ጨመቀችው።

ወጡ። መብራቱ ዓይን ይወጋል። ሜሮን ማይክራፎኑን ያዘች፤ ትርንጎ ከኋላዋ በስተግራ፣ ከአምፕሊፋየሩ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። የመድረክ መሪው ወረቀቱን አየ።

«ከሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ የመጡት ተወዳዳሪዎቻችን ዘፈናቸውን በዚህ ዘመናዊ ጊታር ያቀርቡልናል። አምባሰልን ለጊታር የቃኙትና ሙዚቃውን ያቀናበሩት የክበቡ ኃላፊ መምህር ሙላቱ ናቸው። ጭብጨባ ይገባቸዋል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ትርንጎ በመጋረጃው ክፍተት መምህር ሙላቱን አየችው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ፍላሹ ተከፈተ። ድንቢጥ ከአዳራሹ አራቱም ማዕዘን ጮኸች፤ እንዲህ ጮክ ብላ ተሰምታ አታውቅም። ከፊት ያሉት ሴቶች እስክስታ ሊሞክሩ ትከሻቸውን ነካ አደረጉ። ከዳኞቹ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጥቁሩን ጊታር በአድናቆት ማየት ጀመረ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አጠገቡ ላለችው ሴት የሆነ ነገር አላት። ሴትየዋም ጥቁሩን ጊታር አየች።

የትርንጎ ቀኝ እጅ ለአራት ምት ያህል ተንቀሳቀሰ። አምስተኛው ላይ ቆመ።

ሙዚቃው አልቆመም።

ማንገቻውን ከአንገቷ አወጣች። ጥቁሩን ጊታር እንዳይጫር ተጠንቅቃ አምፕሊፋየሩ ላይ አስደገፈችው፤ ጊታሩ ምንም አልበደላትም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሹክሹክታው ከኋላ ወንበሮች ተነስቶ ወደ ፊት መጣ። ሜሮን ዞር ብላ አየቻት። አፏ ተከደነ፤ ዘፈኗ ግን ቀጠለ።

ለአፍታ ተያዩ። ከዚያ ትርንጎ ከመድረኩ ወረደች።

ከመጋረጃው ጀርባ ከረጢቱን ከወንበሩ አነሳች። መምህር ሙላቱ መንገዷ ላይ ቆመ። «ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?» አላት። አላመማትም። «ትርንጎ፣ አንቺን እኮ ነው።» በጎኑ አለፈችው።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ልጄ፣ ገና አላለቀም እኮ» አሏት።

ትርንጎ እጅ ነሳቻቸውና ደረጃውን ወርዳ የመርሳ ሚኒባስ ወደሚቆምበት አስፋልት ሄደች።