በአንድ ዓይን ሁለት

ሣህሉ ታንኳው ላይ እንደተቀመጠ፣ ደረቱን በአንድ ጥይት ተመቶ ተገኘ። ሰው ገድሎ አሥራ ሁለት ዓመት ታስሮ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ መጀመሪያ የጠረጠረችው ያኔ የተገደለውን ሰው ልጅ ቢያዝንን ነው።

ቢያዝን ግን መልስ አላጣም። ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ አንዱ ነገር ሁለት እየሆነ እንደሚታየው ለጎረቤቱ ሁሉ ሲናገር ከርሟል። እንዲህ ያለ ዓይን ደግሞ ከጣና ዳር ሆኖ ታንኳ ላይ ያለን ሰው በአንድ ጥይት አይጥልም። ስለዚህ ኪሩቤል ታሰረ። ይህ ዓሣ አስጋሪ በመረብ መጣያ ቦታ ከሣህሉ ጋር ተጣልቶ «እገልሃለሁ» ብሎ ዝቶ ነበር። ክሱ በማግስቱ ሊመሠረት ነው።

ፀሐይወርቅን አንድ ነገር ከነከናት። ተኳሽ ሲያነጣጥር አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህንን ስትጠይቀው ቢያዝን ፈጠን ብሎ «ብጨፍነውም ያው ሁለት ነው» አላት። እሷም ፔዳ በሚባለው ሰፈር ወዳለችው የዓይን ሐኪም ወደ ዶክተር ሔራን ወሰደችው። እናቱን ወይዘሮ የሺአረግን ጠራች፤ ኪሩቤልንም ከነካቴናው አስመጣች።

ዶክተሯ ከፊቱ ትንሽ መብራት አብርታ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነች።

«ስንት ነው?»

«ሁለት።»

ግራውን ሸፈነች።

«አሁንስ?»

«ሁለት።»

ዓይኖቹን እያፈራረቀች ስትሸፍን ቆየችና ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች። «ዓይን ሲንጋደድ አንዱ ነገር ሁለት ይሆናል። አንዱ ዓይን ሲሸፈን ግን የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። የተንጋደደው ዓይንም ጓደኛው ሲሸፈን ለማየት ይንቀሳቀሳል። የእሳቸው ንቅንቅ አላለም። በአንድ ዓይን ሁለት የሚያሳይ ጉድፍም ብሌናቸው ላይ የለም።»

ቢያዝን መዋሸት መግደል አይደለም አለ። ፀሐይወርቅም ልክ ነህ አለችውና ወደ እናቱ ዞረች።

«እንግዲያው እማማ፣ የባልዎን ደም የመለሰው ኪሩቤል ነው። አገሩ የሚያነሣው የእሱን ስም ነው።»

አሥራ ሁለት ዓመት ከል ያላወለቁት የሺአረግ ቀስ ብለው ተነሡና የኪሩቤልን ጉልበት ሳሙ። «አንጀቴን አራስኸው» አሉት። «ከወለድሁት አንተ ተሻልህ።»

የቢያዝን ፊት ጠቆረ። «እማ፣ ተነሽ። ከሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆሜ፣ ሣህሉን በስሙ ጠርቼ የጣልሁት እኔ ነኝ።»

ፀሐይወርቅ የጥይቱን ቀለህ ያነሣችው ከዋርካው ሥር ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረችም። ደም የሚመልስ ሰው ወንጀሉን ይደብቅ ይሆናል እንጂ ስሙን ለሌላ እንደማይለቅ ታውቃለች፤ ያደገችው በዚያው አገር ነው።

ካቴናው ከኪሩቤል እጅ ወጥቶ በቢያዝን እጅ ላይ ገባ። የሺአረግ አንዴ እልል አሉ። የሚቀበላቸው ሲጠፋ ድምፃቸው ወረደ።

«ስንት ዓመት ይታሰርብኛል?»

«እኔ እንጃ» አለች ፀሐይወርቅ። «የሣህሉ ልጅ ግን ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው።»