ገና በሠላሳኛው ገጽ

ደብተሩ ዛሬም ዘለላት። ከፊት ወንበር ተነስቶ፣ በጠረጴዛ ስር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣና እሷ ጋ ሲደርስ በጀርባዋ ዞሮ ሄደ።

ጥፋቱ የራሷ ነው። መጽሐፍ ስታነብ መጨረሻውን ቀድማ ገምታ ሽፋኑ ላይ በእርሳስ መጻፍ ልማዷ ነው፤ ብዙም አትሳሳትም። ክፍሉ «ጠንቋይዋ» ይላታል። የልብ ጓደኛዋ በደብተር እየጻፈች ለክፍሉ የምታስነብበውን ልቦለድም ገና በሠላሳኛው ገጽ ደረሰችበት፦ «የአውቶቡስ ሹፌሩ የባለታሪኳ አባት ነው።» ጽፋ፣ ሳታጠፋው አሳለፈችው። አርባ ሰው አነበበው። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ጓደኛዋ አታናግራትም።

በእረፍት ሰዓት ከኋላዋ የሚቀመጠው ቀልደኛ ደብተሩን አቀበላት። «እንኪ፣ ወጥታለች፣ አታይሽም። ግን እንዳትጠነቁይብን፣ በናትሽ!»

እምቢ ልትል ነበር። እጇ ቀደማት።

ሹፌሩ የለም። በሠላሳ አንደኛው ገጽ በአደጋ ሞቶ፣ በቦታው ሰላይ ገብቷል፤ ሽጉጥ፣ ጥቁር ሻንጣ፣ መንትያ ወንድም። ይህን ማንም አይገምተውም። እሷ ግን ሹፌሩ ናፈቃት። ተሳፋሪው እያጉረመረመ፣ ልጅቷ ሮጣ እስክትደርስ በየማለዳው ይጠብቃት ነበር። የእሷ የራሷ አባት ግን ከቤት ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው፤ ስልክ እንኳ አይደውልም።

ጓደኛዋን ቧንቧው ጋ እጇን ስትታጠብ አገኘቻት።

«ማን ሰጠሽ?»

«እሱን ተይው። ሹፌሩን ለምን ገደልሽው?»

«አንቺ ነሻ የገደልሽው! አርባ ሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ።»

«ሽፋኑ ላይ መጻፍ አልነበረብኝም። ይቅርታ።» ደብተሩን መለሰችላት። «ግን የገመትኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው። ሰላዩ… ሰላዩ አይረባም።»

ጓደኛዋ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷን አኮሳተረች።

«እኔም አልወደውም» አለች በመጨረሻ። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «የመጀመሪያውን አልጣልኩትም። ልጅቷ ሹፌሩ አባቷ መሆኑን ስታውቅ ምን የምትለው ይመስልሻል?»

አውቃዋለች። ቃል በቃል አፏ ላይ መጥቶላታል።

«እንጃ» አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «አንብቢልኝ።»