ተቆልፎ ነበር

የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው አድራጊውን መደበቅ ነው። ልጅቷ በተቀጠረች ሰሞን «ድርጅቱ ሠራተኞችን ቀነሰ» ብላ ብትጽፍ፣ አለቃዋ ሰርዘው «ሠራተኞች ተቀነሱ» አደረጉት።

«ማን አደረገ አይባልም የኔ ልጅ፤ ተደረገ ነው የሚባለው።»

አጠገቧ የሚቀመጠው ጀማሪ ልጅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እንግዲህ እኔ አልወደድኩሽም ማለት ነው፤ ተወደድሽ እንጂ።»

ሳቋን ልትውጥ ብትሞክር አልሆነላትም። እንዲህ ተጀመረ፤ ፍቅር መቼ ፈቃድ ጠይቆ ያውቃል!

ከየመሥሪያ ቤቱ የተሰባሰቡ የሙያው ጀማሪዎች ማኅበር ነበራቸው፤ ሁለቱም ገቡበት። ቃላቸው አንድ ነው፤ የሰው ሕይወት በጠፋበት ውሸት ላይ እጃችንን አናስገባም። እሷ ስትናገር እሱ ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም ነበር።

ከዚያ የድርጅቱ ቀለም ፋብሪካ ተቃጠለ። ሠራተኞች እዚያው ውስጥ አለቁ፤ ሥራ አስኪያጁ ዕቃ ይሰረቃል ብለው በሩን ከውጭ ያስቆልፉ ነበርና። ይህን ለልጅቷ የነገረቻት ከእሳቱ የወጣች አንዲት ሴት ናት። አለቃዋ ግን «መግለጫውን የኤሌክትሪክ ችግር ብለሽ አዘጋጂው» አሏት።

«አልጽፍም» አለች።

ልጁ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እባክሽ፣ ለጊዜው ዝም በይ።»

«ለምን?»

አንገቱን ደፋ።

«ቃልህን በላህ? ፈሪ!» እጇን ሊይዝ ቢል መነጨቀችው።

በማግስቱ በማኅበሩ ስም ለጋዜጠኞች መግለጫ አነበበች፦ «በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር።» ከሥራ ቢያባርሯትም ልቧ ቅቤ ጠጣ። ማን እንዳስቆለፈው ግን አልጻፈችም። ፈርታ አይደለም፤ እጇ ለምዶ ነው። ያ የአለቃዋ ትምህርት አጥንቷ ድረስ ዘልቆ፣ እውነቱንም ያለ ባለቤት አስጻፋት። አይ ልማድ!

ድርጅቱ ባለቤት ለማበጀት አላመነታም። «አዎ፣ ተቆልፎ ነበር፤ የቆለፉት ቁልፍ ያዡ ዘበኛ ናቸው» አለ። ፖሊስ ሽማግሌውን ከቤታቸው ወሰዳቸው።

ዘበኛው የልጁ አባት ነበሩ።

ስትሰማ ክው አለች። ድርጅቱ የሠራተኛ ዘመድ አይቀጥርምና ልጁ ለሁሉም፣ ለእሷም ጭምር፣ «አባቴ ጡረተኛ ነው» ይል ነበር። አለቃቸው ግን ደርሰውበታል። «የበሩን ነገር የሚያነሳ ከመጣ አባትህ ላይ ነው የምናላክከው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» ብለውታል። ደረጃው ላይ አንገቱን ያስደፋው ይህ ነበር።

«ሥራ አስኪያጁ በሩን አስቆለፉ» የሚል ሌላ መግለጫ ይዛ ሮጠች። ማንም አላተመላትም፤ ጥፋተኛው ተገኝቷላ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ «እዚያ ነበርሽ?» አሏት። አልነበረችም። ያቺ የነገረቻት ሴት ደግሞ ከሆስፒታል ሳትወጣ አረፈች።

ልጁን እስር ቤቱ ደጅ ላይ አገኘችው፤ ለአባቱ ንጹሕ ልብስ ይዞ ቆሟል።

«አባዬ ምን አለኝ መሰለሽ?» አላት፣ ሰላም እንኳ ሳይላት። «‹ታዝዤም ቢሆን የቆለፍኩት በገዛ እጄ ነው። ልጅቷ አልዋሸችም፤ አግባት› አለኝ።»

«አንተስ?»

ወደ እስር ቤቱ በር ዞረ።

«አንቺን ባየሁ ቁጥር እሱ ይመጣብኛል። ቤት ስገባ እናቴ ስትረግምሽ እሰማለሁ፤ ተይ አልላትም። እንዲህ ሆኜ እንዴት ላግባሽ?»

«እወድሃለሁ እኮ!»

«እኔም እወድሻለሁ። ምናለ መውደዱ ቢቀርልኝ!»

በረኛው ጠራውና ገባ። እሷ አጥሩን ተደግፋ ጠበቀች። ሲወጣ የአባቱን የቆሸሸ ልብስ ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር። እንደቆመች አያት፤ አያትና በሌላኛው መንገድ ሄደ።