ኮባልቷን ማን አስቀመጣት

ሰላዩ የመረጃ ፍላሹን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለባልደረባው አቀበለ። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። «ጠጋኙ»፣ ከስለላ ድርጅቱ ሰዎች ሁሉ አብልጦ የሚያምነው ተቀባይ፣ ፊቱን እየታጠበ ቀና እንኳ አላለም።

«ተከታይ አለህ?»

«የለኝም።»

ኮሪደሩን ሳይጨርስ የላቦራቶሪው የጥበቃ ኃላፊ ከኋላ ደርሶ ክንዱን ያዘው። በሌላ እጁ ፍላሹን ያሽከረክራል።

ጠጋኙ ሸጦታል።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ፈገግ በል» አለው ኃላፊው። «ከዚያ በኋላ ሰፊ ጊዜ አለን።»

ስምንት ወር እዚህ የጨረር መለኪያውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ቀጂ ሆኖ ኖሯል። ቴርሞስ ተሸካሚን ማን ቀና ብሎ ያየዋል? እንግዶቹ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ከተጠረጠረው ፋብሪካ የተዘገነውን አቧራ በጋማ መለኪያው ሊያስለኩ መጥተዋል። አቧራው ውስጥ ሲዚየም አለ። ሲዚየም ማለት ድብቅ ሬአክተር ማለት ነው። የሲዚየም ጨረር በመለኪያው ስክሪን ላይ መስመር የሚያቆመው 662 ቁጥር ላይ ነው። ዛሬ ማለዳ ግን እነ ኃላፊው የመለኪያውን ሚዛን አዛብተው 609 ላይ፣ ተራ የአፈር ጨረር እንዲመስል አድርገውታል። የማዛባቱ ማስረጃ ያለው ፍላሹ ላይ ብቻ ነበር።

ወደ መለኪያው ክፍል ገቡ፤ ጨረር እንዳያልፍ በእርሳስ የተለበጠው በር ተዘጋ። መስኮት የለም። የኃላፊው ጣቶች ክንዱ ላይ ናቸው።

«ናይትሮጅኑ ጎድሏል» አለች ዋናዋ ተቆጣጣሪ። «መለኪያው ከሞቀ እኔ አልፈርምም።»

ኃላፊው እንዲቀዳ ጥርሱን ነክሶ ለቀቀው።

ጠረጴዛው ላይ የመለኪያው ሚዛን የሚፈተሽባት የኮባልት ቁራጭ በሳጥኗ ተቀምጣለች፤ ከሳንቲም አትበልጥም። አጠገቧ የቆመችው የላቦራቶሪው ተመራማሪ ናት ማለዳ ለፍተሻ ፈርማ ያወጣቻት። ስለ ስለላው የምታውቀው ነገር የለም። ስምንት ወር ሙሉ «ወንድምዬ» እያለች ምሳዋን አካፍላዋለች። ኮባልቷ ያለቦታዋ ከተገኘች የምትጠየቀው እሷ ናት።

ያውቃል።

አነሳት።

ናይትሮጅኑን ሲቀዳ ነጭ ጉም እጁን ሸፈነው። ቁራጯን መለኪያው ጥግ ሸጎጣት። ወዲያው ክንዱ ተመልሶ ተያዘ።

ስክሪኑ ላይ 609 ቁጥር ላይ መስመር ከፍ አለ። ኃላፊው ዘና አለ። ቀስ እያለ በቀኝ በኩል ሁለት መስመሮች ብቅ አሉ። 1079። 1225።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አወለቀች።

«እነዚህ የኮባልት መንትዮች ናቸው። ቦታቸው 1173 እና 1332 ነው። የነቃ አስኳል ሲረጋ የሚተፋው ጨረር በማንም ትእዛዝ ልኩን አይቀይርም። ሚዛኑን ማን ነካው?»



«ኮባልቷንስ ማን አስቀመጣት?» ጮኸ ኃላፊው፤ የሰላዩን ክንድ ጨምድዶ።

ተመራማሪዋ ባዶ ሳጥኗን አየች። ቀጥላ እሱን አየችው።

ገባት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሚዛኑ ከመነካቱ በፊት የነበረው መረጃ ቅጂም እኔ ጋ ነው።»

ውሸቷን ነው። ኃላፊው ግን ክንዱን ለቆ ወደሷ ዘለለ። ተቆጣጣሪዎቹ ተንጫጩ፤ በሩ ተከፈተ። ሰላዩ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ኃላፊው እሷን ይተዋት ነበር። አልተናገረም። ቴርሞሱን አንስቶ ወጣ።

«ባዶ ነው?» አለ የበሩ ዘበኛ።

«ባዶ ነው።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሰው መሃል ተጨናንቆ ቆመ። ተልእኮው ተሳክቷል፤ ፋብሪካው አለቀለት። ከነገ ጀምሮ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ስራ። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።