ተኝተን ሳለ የተጫነችው ግመል

«ጂን አየሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ጫቱን ከስንት ሰዓት ጀመርህ?» ብዬ የማፌዝ ሰው ነበርሁ፣ ዛሬም ቢሆን ክታብ አላስርም፣ ጠንቋይ ደጅ አልረግጥም፣ በጨለማ ውጣ ብትለኝ ያለ ፋኖስ እወጣልሃለሁ፤ ይሄን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ወሬዬን ሰምተህ «ይሄ ሰውዬ ድሮውንም ፈሪ ነው» እንዳትለኝ ነው። ደግሞ እኔ የማወራህ ነገር የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ዘመኑ የጣልያን ጊዜ ነው፣ ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣው መንገድ እየተሠራ፣ ካሚዮን የእኛን የግመል ነጋዴዎችን እንጀራ መንጠቅ የጀመረበት ጊዜ፤ እኔ ግን የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ አባቴም ግመል ነጂ ነበር፣ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ስለዚህ እየተሳቀብኝም ቢሆን ጨው ለማምጣት ወደ ባሕሩ እወርድ ነበር። በዚያ ጉዞ አብረውኝ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሑመድ የሚባል አፋር መንገድ መሪዬ፣ ሌላዋ እመት ፋጡማ።

እመት ፋጡማ ተወልደው ያደጉት ቢስቲማ ነው፣ ኑሯቸው ግን ደሴ፣ ሆጤ ነው። «ባልቴት በግመል ነጋዴ መሃል ምን ትሠራለች?» ትለኝ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ። ነገሩ አንድ ልጃቸው ሰይድ ነው። ጣልያን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ግመሉን ይዞ ወደ ባሕሩ ወረደና በዚያው ቀረ፣ ግመሏ ዳለቻ ብቻ በሌላ ነጋዴ እጅ ተመለሰች፤ ሞቷል ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ሚስቱ ዘይነባ ከእመት ፋጡማ ጋር አንድ ቤት ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፣ ወንድሞቿ «እህታችን ቆማ ቀረች፣ እንዳራት» እያሉ ይመጣሉ፣ ቃዲው ደግሞ «ቁርጡን የሚያውቅ ሰው አምጡ» ይላሉ። እመት ፋጡማ ምራታቸውን እንደ ልጃቸው ስለሚወዷት «እኔው ሄጄ ቁርጡን አመጣልሻለሁ፣ ካለ ይዤው እመጣለሁ፣ ከሌለም አርፈሽ ታገቢያለሽ» ብለው ማሉላት። ከዚያ ዳለቻን እየሳቡ ኮምቦልቻ እኔ ቤት ድረስ መጥተው «ይማም፣ አፈር ስሆን ይዘኸኝ ውረድ» ሲሉኝ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

አሰብ ላይ ያልጠየቅነው ሰው የለም። ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ያየ አልተገኘም። የቀረን ከወደቡ ራቅ ብሎ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ብቻ ነበር፣ እሱም ቢሆን ለእመት ፋጡማ ልብ ተብሎ እንጂ እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ጨዋችንን ጭነን አንድ ቀን በባሕሩ ዳር ዳር ሄደን ጠይቀን፣ ከዚያ ወደ አገራችን ልንዞር ተስማማን።

ጠዋት ዳለቻን ስጭን እመት ፋጡማ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። ይሄን ልብ በልልኝ፣ በእኛ ሥራ እያንዳንዱ የግመል ነጂ ቤት የራሱ አስተሳሰር አለው፣ ጭነት መንገድ ላይ ቢጠፋ በቋጠሮው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ አባት ለልጁ ያስተምራል፣ ለባዕድ አያሳይም።

«የኛ ቤት እንዲህ አያስርም» አሉኝ ፈገግ ብለው። «አባቱም ሰይድም መጫኛውን በሆዷ ሥር አዙረው በግራ በኩል ነው የሚቋጥሩት፣ ጫፉን ደግሞ እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል።»

«ታዲያ ያሳዩኛ እመት።»

«ማየቱንማ ስንት ዘመን አየሁት፣ መፍታቱንም እችላለሁ። መቋጠሩን ግን እጄ አያውቀውም።»

ያን ቀን የመሰለ ቀን፣ እመነኝ፣ በዕድሜዬ አላሳለፍሁም። እኔ ልጅ ሆኜ ትልቅ ውኃ ብዬ የማውቀው ሐይቅን ነበር፣ ሐይቅ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጨዋ ውኃ ነው፣ ይሄኛው ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ የግመሎቹን እግር ይነካና እንደማፈር ብሎ ይመለሳል። ነፋሱ ለስላሳ ነው፣ ግመሎቹ አይቸኩሉም፣ እኛም አንቸኩልም፣ ሸርጣኖች ወደ ጎን እየሮጡ ጉድጓዳቸው ሲገቡ እመት ፋጡማ ከግመላቸው ላይ ሆነው እንደ ልጅ ይስቃሉ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ውኃውና ሰማዩ የት ላይ እንደሚለያዩ ጠፋኝ፣ ፊት ፊት የሚሄደው ሑመድ እግሩ መሬት የለቀቀ መሰለኝ፣ ደስ የሚል እንቅልፍ እየሄድሁ ይዞኝ ጭልጥ ሊል ነበር። እንዲያውም ለምን እዚያ እንደሄድን ረስቼው ነበር ማለት እችላለሁ።

ቀትር ላይ ጥቂት ዘንባባዎች ጥላ አገኘንና ጭነቱን አራገፍን። መንደሩ ከዚያ ወዲያ ቅርብ ስለሆነ ሑመድ «እናንተ ረፉ፣ እኔ ጠይቄ ዓሣም ገዝቼ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ቴምር በልተን ጋደም አልን። ዳለቻ ባዕድ የማትወድ ግመል ስለሆነች እንዳትሄድብኝ መሳቢያ ገመዷን የእጄ አንጓ ላይ አሰርሁት፣ እሷም ተንበርክካ ታመሰኳ ነበር።

በእንቅልፌ መሃል የሰማሁትን ልንገርህ። መጀመሪያ ገመድ ሲጠብቅ የሚያሰማውን ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ሰው ግመል ሲያባብል በምላሱ የሚያደርገውን ቀጭ ቀጭ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ወንድ በአፍንጫው መንዙማ ሲያንጎራጉር፣ ቀስ ብሎ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ለራሱ እንደሚያንጎራጉረው። ሑመድ ተመለሰ አልሁ በልቤ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ሌላው ጎኔ ዞርሁ። ሑመድ መንዙማ እንደማይችል ትዝ ያለኝ ከነቃሁ በኋላ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ዳለቻ ከነጭነቷ ቆማለች።

ገመዷ አንጓዬ ላይ እንዳሰርሁት ነው፣ ስትነሳ እንኳ አልሳበኝም። ሌሎቹ ግመሎች እንደተኙ ናቸው፣ ጭነታቸውም አሸዋው ላይ ነው። እሷ ብቻ ሁለት ጆንያ ጨው በግራና በቀኝ ተሸክማ፣ ፊቷን ከባሕሩ ወደ ተራራው፣ ወደ አገራችን አዙራ ቆማለች። የግመል ጭነት ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይጭነውም፣ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ሆኖ እኩል ማንሳት አለበት፣ ግመሏም ስትጫን አገር ይያዝልኝ ብላ ነው የምትጮኸው፤ ታዲያ ማን ጫናት፣ ጩኸቷስ የት ሄደ?

እመት ፋጡማ ከኔ ቀድመው ነቅተዋል። በግመሏ ግራ በኩል ቆመው ቋጠሮውን በጣታቸው እየዳበሱ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ መጫኛው በሆዷ ሥር ዞሮ በግራ ተቋጥሯል፣ ጫፉ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። ነካሁት። እርጥብ ነበር፣ ባሕር ውኃ ይሆን ብዬ ጣቴን ቀመስሁ፣ የባሕሩን ውኃ ጠዋት ቀምሼው ነበርና አውቀዋለሁ፣ ያ አልነበረም፤ የሰው እጅ ወዝ መሰለኝ፣ ገና ለብ ያለ ነው።

«እመት፣ እርስዎ ነዎት?» አልሁ፣ እንዳልሆኑ እያወቅሁ።

«እኔ ጆንያ የማነሳበት ምን ጉልበት አለኝ ልጄ።»

ሑመድ ዓሣውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ነገርነው። ፊቱ ጠቆረ። አፋር ዱካ ሲያነብ አይተህ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ትናንት ያለፈችን ፍየል ነፍሰ ጡር መሆኗን ይነግርሃል፤ ጎንበስ ብሎ ዘንባባዎቹን ዞረ፣ እስከ ውኃው ወርዶ ተመለሰ።

«የኔ ዱካ አለ፣ የእናንተም አለ» አለ። «ሌላ ሰው እዚህ አልረገጠም፤ ይሄ የጂን ሥራ ነው።»

«መንደሩስ?» አሉት እመት ፋጡማ።

«ሰይድ የሚሉትን የሚያውቅ የለም።»

እኔ ግን ዱካውንም ጂኑንም ትቼ ያ ለብ ያለው ወዝ ብቻ ነው የታየኝ። «እመት፣ አብሽሩ! ወላሂ ሰይድ አለ! እንፈልገው፣ ሩቅ አልሄደም!» ብዬ ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ቁጭ በል ይማም። ካለ፣ እዚህ ቆሞ አይቶኛል ማለት ነው። እናቱን ተኝታ አየ፣ ግመሏን ጫነላት፣ ፊቷን ወደ አገሯ አዞረላት፣ ሳይቀሰቅሳት ሄደ።» ባሕሩ መጣ፣ ተመለሰ። «ከሞተ ደግሞ፣ ሞቶም ቢሆን እናቴ ደከማት ብሎ መጥቶ አገዘኝ። አንተ ከሁለቱ የቱን ትመርጥልኛለህ?»

ሌሎቹን ግመሎች ጭነን ወጣን፣ ሲመሽ ስናራግፍ ያን ቋጠሮ ራሳቸው ፈቱት፣ እንደሚሰበር ነገር ቀስ እያሉ፣ ከዚያም መጫኛውን ጠቅልለው ተንተርሰውት ተኙ።

ሆጤ ስንደርስ ዘይነባ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች፣ «እህ?» አለች። እመት ፋጡማ ከግመላቸው ወርደው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና «ሞቷል ልጄ፣ አላህ ይማረው» አሏት። ቃዲውም እናት በልጇ ሞት አትዋሽም ብለው ቃላቸውን ተቀበሉ። ዘይነባ አልቅሳ፣ ዒዳዋን አራት ወር ከአሥር ቀን ቆጥራ፣ ደህና ሰው አገባች፣ ወለደች፣ እኔም ስለሷ ደስ ብሎኛል።

የሚያስጨንቀኝ የሰደቃው ቀን ነው። ግቢው በሰው ሞልቷል፣ በሬ ታርዷል፣ ሸኹ ለሟቹ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን አንስተው ሰዉም ሁሉ እጁን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ። እመት ፋጡማ ከኋላዬ መጡና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉ።

«ይማም፣ አንተ ስሙን እንዳትጠራ።»

«ለምን እመት?»

«ካለስ?» አሉኝ።

ዘወር ብዬ ሳያቸው ወደ ሴቶቹ ሄደዋል። ሰዉ «አሚን» አለ፣ እኔም አፌ ብቻውን «አሚን» አለ፤ ለሞተ ይሁን ላለ ሰው ግን፣ ወላሂ፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።