ብርቱካናማ እንባ

ነዳፊው የሞተው ራሱ ነድፎ በከመረው ጥጥ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ቀና ሲያደርጉት ከአፉ የወጣው ደም ጥጡን አርሶት ነበር። ገና ጎልማሳ፣ የአንዲት ጡት ያልጣለች ሕፃን አባት ነበር።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ነዳፊው ይሠራበት ወደነበረው ፍራሽ ቤት ስትደርስ የሟች ታላቅ ወንድም ሕፃኗን ታቅፎ በር ላይ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ወንድሜን በመርዝ የጨረሰችው ሚስቱ ናት። እሷ ወህኒ ትውረድ፣ ልጅቷን እኔ አሳድጋለሁ።»

«በምን አወቅህ?»

«አንድ ጣራ ሥር አይደል የምንኖረው? ከወራት በፊት ሽንቱ እንደ ብርቱካን ቀልቶ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እስከ ሞተበት ቀን እንደዚያው ነበር?»

ወንድምየው ራሱን አከከ። «የለም... ኋላ ጠርቷል። ከጠራ በኋላ ነው ከስቶ አጥንቱ የቀረው።»

ወንፊት ይህን በልቧ ይዛ ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ብናኙ ዓይን ያለብሳል። ሳል ከየአቅጣጫው ይሰማል። ብቸኛው መስኮት በሚስማር ተጠርቅሟል።

«መስኮቱን ማን ቸነከረው?»

«እኔ ነኝ» አለ የቤቱ ጌታ። «ጥጥ ከነፋስ አይስማማም። ሀብቴን ለሰማይ ልበትነው?»

«ምነው እኛም ጥጥ በሆንን!» አለ አንዱ ፍራሽ ሰፊ፤ የሳቁትን ሳል አቋረጣቸው።

«ሲታመሙስ?»

«የታመመ ቤቱ ይቀመጥ። አንድ ቀን የቀረ ግን በማግስቱ ቦታው የሌላ ነው።»

ሚስትየው ጥግ ላይ፣ ስትሰፋው በዋለችው ነጭ የትራስ ልብስ ፊቷን ሸፍና ተቀምጣለች።

«ባልሽን መርዘሽዋል ይላሉ።»

«ምን ቆርጦኝ፣ እትዬ! እኔን ያዳነኝ እሱ አይደል? ስስል ማደሬን አይቶ የደም ማነስ ኪኒን እያመጣ በእጁ ያስውጠኝ ነበር።»

ወንፊት የትራስ ልብሱን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችና አየችው። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ስትመለስ ሁሉንም ሰበሰበች።

«መርዝ የለም» አለች። «ሟች የሳንባ ነቀርሳ ነበረበት። ያ ቀለም የመድኃኒቱ ነው፤ ሽንትንም እንባንም ያቀላል። ሽንቱ ከጠራ መዋጡን አቁሟል ማለት ነው። ግን ፍራሽ ላደርስ ነው እያለ ከዚህ እየወጣ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ኪኒኑን ከጤና ጣቢያ ወስዷል። ታዲያ ማን ዋጠው?»

ወንፊት ወደ ሚስትየው ተጠጋች።

«ከገባሁ ጀምሮ እዚህ ቤት ያላሳለችው አንድ ሰው ብቻ ናት።» የትራስ ልብሱን ዘረጋችው። እንባ የነካው ሁሉ ብርቱካናማ ሆኗል።

ሚስትየው አፈጠጠችበት። «የደም ማነስ ነው ብሎኝ... ዕድሜውን ነው የበላሁት?»

«መድኃኒቱ በነጻ ነው አሉ!» ጮኸ ወንድምየው። «ለምን እሷም ሄዳ አልታከመችም?»

«ሐኪም የሚገኘው በሥራ ሰዓት ነው። እሱ ፍራሽ ማድረስ የሚባል መውጫ ነበረው፤ ትራስ ሰፊ ግን ምን ብላ ትወጣለች? ብትቀር ቦታዋ ይሄዳል። የአንድ ሰው መድኃኒት ለሁለት አይበቃም። መረጠ።»

ወንድምየው ሕፃኗን እናቷ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠና ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ነገ ሁላችሁም ትመረመራላችሁ» አለች ወንፊት፤ ለሚስትየውም፦ «ያንቺ ሕክምናም ገና አላለቀም፤ ካቋረጥሽው ይመለስብሻል። ልጅሽም መታየት አለባት።»

ሚስትየው ግን ወደ ጌታው ዞረች። «ጋሼ፣ ነገ ብቀር ቦታዬ ይጠብቀኛል?»

ጌታው የተበተነውን ጥጥ በእግሩ ወደ ክምሩ መለሰ።

ወንፊት ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ጉጠት አንስታ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለችና መስኮቱን በረገደችው። ነፋሱ ገባ፤ ጥጡ ተነሣ። ፊቱን ወደ አየሩ ያዞረ አልነበረም። ሁሉም እያሳሉ፣ ጥጡ እንዳይበተን በላዩ በደረታቸው ተደፉ፤ ሚስትየውም ሕፃኗን በአንድ እጇ አቅፋ፣ ባሏ ከሞተበት ክምር ላይ ወደቀች።